ሕመም ዝም ባለ ጊዜ፤ ሥጋን በመልካም ልማድ ስለ መጠበቅ

የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ ንዕማን በለምጽ በታመመ ጊዜ ብርና ወርቅ፤ የክብር ልብስም አስጭኖ ወደ እስራኤል አገር እንደ ወረደ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ እናገኛለን። ነቢዩ ኤልሳዕ ግን ወጥቶ አልተቀበለውም፤ መልእክተኛ ልኮ በዮርዳኖስ ውኃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ብቻ አዘዘው። ንዕማንም ተቈጣ። የተቈጣውም ትእዛዙ ስለ ከበደው አይደለም፤ ስለ ቀለለበት ነው እንጂ። አገልጋዮቹ ግን አስተዋዮች ነበሩና፤ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢያዝዘው ኖሮ ያደርገው እንደ ነበረ አስረድተው ልቡን መለሱት። ወርዶም ታጠበ፤ ዳነም።

ይህን ታሪክ ስለ ትሕትናና ስለ ጥምቀት ምሳሌ አድርጌ በዐውደ ምሕረት ላይ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን በገዛ ሰውነቴ እስኪደርስብኝ ድረስ ያላስተዋልሁት አንድ ቁም ነገር ነበረበት፤ ይኸውም ሰው ለጤናው ብርና ወርቅ ለማውጣት፤ ሩቅ አገርም ለመሄድ ፈቃደኛ ሲሆን፤ በየቀኑ በቤቱ ተቀምጦ ሊያደርገው የሚችለውን ጥቂት ነገር ግን የሚንቅ መሆኑ ነው። ከንቀቱም የተነሣ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ለሥጋ በየዕለቱ መጠንቀቅ ለክርስቲያን ግዴታው ነውን፤ ወይስ ለነፍስ ከሚገባው ጊዜ ላይ የሚሰረቅ ከንቱ ድካም ነው? ይህን ጥያቄ ካህናትም ምእመናንም ሲጠይቁ እሰማለሁ፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱን ያገኘሁት ግን ከመጻሕፍት ገጽ ብቻ አይደለም፤ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ከአንድ አረጋዊ እግር ሥር ነው።

በአዲስ አበባ ምዕራብ በሚገኘው በዚህ ክፍለ ከተማ አለርት የሚባለው ሆስፒታል አለ። ሥፍራው አስቀድሞ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ስለ ነበረ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቋመ፤ ሥራውም ሕሙማንን ማከምና መልሶ ማቋቋም፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎችም ትምህርት መስጠት ሆነ። በአጠገቡም በ1962 ዓ.ም. የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ከወገን ተለይተው የመጡ ሕሙማን ከዳኑ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ ፊት ስላጡ ብዙዎቹ በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ ልጅና የልጅ ልጅም አፈሩ። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ጫጉላውን ጥሎ የወጣውን፤ በደዌም የተፈተነውን ጻድቁን ገብረ ክርስቶስን ወዳጃቸውና አማላጃቸው አድርገው ይይዛሉ።

ስለ ሥጋ ደዌ ሕዝባችን ለብዙ ዘመን ያመነው አንድ ስሕተት አለ፤ በሽታው ራሱ ጣትን ቈርጦ የሚጥል ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ባክቴሪያው የሚጎዳው የስሜትን ሥር፤ ማለት ነርቭን ነው። ነርቭ ሲሞት ሕመም ይጠፋል። ሕመም ሲጠፋ ሰውየው የጋለ ድስት በባዶ እጁ ያነሣል፤ ሚስማር ወግቶት ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ቍስሉ ሲያመረቅዝ አያነክስም፤ ስለማያነክስም እግሩ ዕረፍት አያገኝም። እንዲህ እያለ አካሉ ጥቂት በጥቂት ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር ያገለገለው ሐኪም ፖል ብራንድ ይህን በብዙ ሕሙማን ላይ አይቶ ሕመም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጠባቂ መሆኑን ዕድሜውን ሙሉ አስተማረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 እንዲሰጥ የመከረው የተደባለቀ መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ደዌውን ፈጽሞ ያድናል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የሞተውን ነርቭ ብዙውን ጊዜ መልሶ አያስነሣውም። ስለዚህ ከበሽታው የዳነው ሰው ከቍስል እንዲድን ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ነገሩ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ለሌላው ይጠቅም ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሰንበት ቅዳሴ ላይ በማጥንበት ጊዜ ከጽናው አንድ ፍሕም ወድቆ በግራ እግሬ ጫፍ ላይ ዐረፈ። በቤተ መቅደስ ጫማ አይደረግምና እግሬ ባዶ ነበረ። እኔ ጸሎቴን ቀጠልሁ፤ ፍሕሙን አይቶ ያነሣው ዲያቆኑ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የተቃጠለው ሥፍራ ውኃ ቋጥሮ ሲታይ ሰዎች ተደነቁ። ካህኑ በተመስጦ ውስጥ ስለ ነበሩ እሳቱ አልተሰማቸውም ተባለ። ወሬውም ከቤት ወደ ቤት ሄደ፤ እግሬን ሊስሙ የሚጎነበሱ እናቶችም ተገኙ። እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብሁት ስለ ቍርባኑ ብቻ እንዳልነበረ፤ ከቅዳሴ በኋላ ስላለው የደብር ስብሰባም እያሰብሁ እንደ ነበረ አውቃለሁ። ሆኖም አንድ ቃል አልተናገርሁም። ምስጋናው ጣፈጠኝ። ሐሰት በአንደበቴ አልወጣም፤ ዝምታዬ ግን ሐሰት ነበረ።

ስለ ቍስሉም እንዲሁ ዝም አልሁ፤ አያምም ነበርና። ያላመመኝን ነገር ስለ ምን ላስታምመው? ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ባለቤቴ ካልሲዬን ልታጥብ ስታነሣ እርጥበቱንና ሽታውን አየች። ወደ ሐኪም በሄድሁ ጊዜ ለብዙ ዓመት የስኳር ሕመም ሳላውቀው በሰውነቴ እንደ ኖረ፤ የእግሬንም ነርቭ እንዳደነዘዘው ተነገረኝ። ቍስሉ አጥንት ደርሶ ነበርና የግራ እግሬ ትንሽ ጣት ተቈረጠች።

ከቤት በዋልሁባቸው ቀኖች ሊጠይቁኝ ከመጡት መካከል በወጣትነታቸው በሥጋ ደዌ ታመው በአለርት ታክመው የዳኑ አንድ አረጋዊ ነበሩ። ዘወትር ከቅዳሴ የማይቀሩ፤ በምዕራብ በር በኩል የሚቆሙ ሰው ናቸው። ጣቶቻቸው አጫጭር ናቸው፤ ልብሳቸው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። እግዚአብሔር ይማርዎ ካሉኝ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፤

«አባቴ፤ አይቀየሙኝና፤ እሳቱ ያልተሰማዎ ስለ ጸለዩ አይደለም» አሉኝ። «እኔም በሃያ ዓመቴ የጋለ ድስት በእጄ ሳወርድ አልተሰማኝም ነበር። እርስዎን ግን እግርዎን ሳሙ፤ እኔን ከቤት አስወጡኝ።»

ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ቍጣ አልነበረበትም። እኔ ግን መልስ አጣሁ። አንድ ዓይነት መደንዘዝ በእኔ ሲሆን ቅድስና ተባለ፤ በእርሳቸው ሲሆን ርግማን ተባለ። ሁለቱም ሐሰት ነበረ፤ በሁለቱም ዘንድ የሞተው ነርቭ ነበረና።

ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ልማድ አስተማሩኝ። በየማታው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይም መብራት በርቶ፤ ይቀመጣሉ። እግራቸውን በለብታ ውኃ ይዘፈዝፋሉ፤ የደረቀውን ቆዳ በድንጋይ ቀስ ብለው ይፈትጋሉ፤ ቅባት ይቀባሉ። ከዚያም በትንሽ መስተዋት የውስጥ እግራቸውን፤ በጣቶቻቸውም መካከል ያለውን ይመለከታሉ። ከሌላው ሥፍራ ተለይቶ የሞቀ ወይም የቀላ ቦታ ቢያገኙ በማግሥቱ ብዙ አይሄዱም። ጠዋት ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት ጠጠር ወይም ሚስማር እንዳይኖርበት አራግፈው ውስጡን ይመለከታሉ። መመልከቱ ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ብጠይቃቸው፤ አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብለው ሦስት ጊዜ የሚደግሙበትን ያህል ነው አሉኝ። በዚህም ልማድ ከአርባ ዓመት በላይ ቍስል ሳያገኛቸው ኖረዋል። ሐኪሜም እኔ እንዲሁ በየማታው እግሬን እንድመለከት አዘዘኝ፤ የስኳር ሕመምተኛ ግን እግሩን ረዥም ጊዜ ሊዘፈዝፍ እንደማይገባው፤ ታጥቦ በጣቶቹ መካከል በደንብ ማድረቅ፤ የውኃውንም ሙቀት በእግሩ ሳይሆን በክርኑ መለካት እንዳለበት ነገረኝ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። ሕመም በሚናገርበት ቦታ ሰው ሁሉ ለራሱ ይጠነቀቃል፤ ጥርሱ ያመመው ሰው ሐኪም እንዲፈልግ ስብከት አያስፈልገውም። ጭንቁ ሕመም ዝም ባለበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ዘብ የሚቆም ልማድ ብቻ ነው። መልካም ልማድ ማለት ያልተሰማንን ነገር እንደ ተሰማን አድርጎ የሚያሠራን ጠባቂ ማለት ነው።

ሕመም ዝም የሚልበት ደዌ ደግሞ የሥጋ ደዌና ስኳር ብቻ አይደለም። የደም ግፊት ለብዙ ዓመት ምንም ምልክት ሳያሳይ ልብን፤ ኵላሊትንና አንጎልን ይጎዳል፤ ብዙ ሰው መታመሙን የሚያውቀው አካሉ ከታሰረ በኋላ ነው። ሲለካ በተደጋጋሚ ከ140 በ90 በላይ የሚገኝበት ሰው ራሱን ባያመውም ሕመምተኛ ነው። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ምላስን ያስደስታል እንጂ አያሳምምም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም ከአንዲት ትንሽ የሻይ ማንኪያ ብዙ አያልፍም። በሽሮውና በበርበሬው የገባውን ጨው ቈጥረን ሳንጨርስ እንደ ገና በማዕድ ላይ የምንነሰንሰው ስንት ነው? መቀመጥም አያምም። ቀድሞ ደብር ለመሳለም ዳገት ቍልቍለቱን በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ከአጠና ተራ እስከ ጦር ኃይሎች ታክሲ ይጠብቃል። ሐኪሞች ግን አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ይመክራሉ፤ ለአምስት ቀን ቢካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው።

በእግር ነገር ላይ ሳለሁ የገበሬውን እግር አልረሳም። በደጋው አገራችን ቀዩን አፈር በባዶ እግር የሚረግጥ ሰው እግሩ እያበጠ የዝሆን እግር የሚመስልበት በሽታ አለ። ይህ በሽታ ርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአገራችን ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንዳስረዳው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው አፈር ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው ነው። መከላከያውም ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ እንዲያደርግ፤ እግሩንም ማታ ማታ በውኃና በሳሙና እንዲታጠብ ማድረግ ነው። በዐማራው ክልል ብዙ ዐይን ያጠፋው ትራኮማም ቢሆን ከመከላከያዎቹ አንዱ የሕፃናትን ፊት በንጹሕ ውኃ አዘውትሮ ማጠብ ነው። እነሆ እንደ ገና የንዕማን ትእዛዝ፤ ታጠብ የሚል ነው።

እኛ ካህናት በጸሎተ ሐሙስ የሕዝቡን እግር በወይራና በወይን ቅጠል እናጥባለን። ይህም ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ያሳየው የትሕትና ሥርዓት ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን የሰውን እግር አጥቤ በቀሩት ቀኖች የገዛ እግሬን ሳልመለከት እንደ ኖርሁ ሳስብ አፍራለሁ። አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ እግሩን ማጠብ፤ ከማዕድ በፊትም በማንቆርቆሪያ ውኃ እያፈሰሱ እጅ ማስታጠብ ልማዳቸው ነበረ። ልማዱን ባንጥለውና ሳሙና ብንጨምርበት የአገሩን ተቅማጥ ምን ያህል በቀነስን ነበር!

በዚህ ጊዜ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል።

የመጀመሪያው፤ ቅዱሳን ሥጋቸውን ንቀዋል፤ አንተ ስለ ምን ሥጋን ተንከባከቡ ትላለህ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቅዱሳን የሥጋን ፈቃድ ንቀዋል። ነገር ግን የሥጋ ፈቃድ ሌላ፤ ሥጋ ሌላ ነው። ፈቃዱ ጣፋጭ፤ ዕረፍትና ምስጋና ይሻል፤ እኔም የወደድሁት እርሱን ነው እንጂ እግሬን አይደለም። እግሬን ብወደው ኖሮ እመለከተው ነበር። ሥጋ ግን የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ ጌታም ለብሶታል፤ በትንሣኤም ይነሣል። ኤልያስ በበረሃ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ የሰጠው ተግሣጽ ሳይሆን እንጐቻና ውኃ ነበረ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለወዳጁ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምክር መጻፍን አልናቀም። በሌላው ሰው ሥጋ ላይ ግፍ መሥራት ኃጢአት ከሆነ፤ በአደራ በተቀበልነው በገዛ ሥጋችን ላይ ቸልተኛ መሆን እንዴት ጽድቅ ሊሆን ይችላል?

ሁለተኛው፤ ጾምና ጠበል እያለ መድኃኒትና ሐኪም ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ጾምን አላቃልልም፤ በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀኖች የምትጾም ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ መብልን በልክ መያዝን ያስተማረችን እርስዋ ናት። ነገር ግን ጾም በዘይት በተነከረ ጥብስና በስኳር ሻይ ከተካካሰ ልጓምነቱ የት አለ? የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ ራሱን ሊስት ይችላልና ለንስሐ አባቱም ለሐኪሙም ሳይነግር ሊጾም አይገባውም፤ ፍትሐ ነገሥትም ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል። ስለ ጠበልም ቢሆን ነገሩ ተወስኖ ያደረ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፤ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ አስተምረዋል። መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው እምነቱን ያጸና ይመስለዋል፤ እኔ ግን እግዚአብሔር በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ስም መመለስ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፤ ተጠንቅቆም የሚታመም፤ ሳይጠነቀቅም የሚኖር አለ የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ልማድ ዘብ ነው እንጂ ዋስ አይደለም። ስለዚህ የታመመውን ሰው ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው ብለን ልንፈርድበት አይገባንም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ የጠየቁትን ደቀ መዛሙርት ጌታ እንዴት እንደ መለሳቸው እናውቃለን። ያንን አረጋዊ ከቤቱ ያስወጣው ሕዝብ የበደለው በዚሁ ፍርድ ነው። ሳሙና መግዣ፤ ጫማም መግዣ ያጣ ድሀ ደግሞ ስብከት አይበቃውም፤ ሳሙናውንና ጫማውን ሊሰጠው ይገባል። ለራሳችን ስንጠነቀቅ ባለአደራዎች እንሁን፤ በሌላው ላይ ግን ፈራጆች አንሁን።

በመጨረሻ ወደ ነፍስ ልመለስ። የእግር መደንዘዝ ምሳሌ ሆኖ አገኘሁት። ሰው መጀመሪያ ሲዋሽ ኅሊናው ያቃጥለዋል፤ በዐሥረኛው ጊዜ ግን አይሰማውም። ቅዱስ ጳውሎስም ኅሊናቸው በጋለ ብረት እንደ ተተኰሰ ስለ ሆነ ሰዎች ጽፏል። ያልተሰማው ሰው ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል፤ የከፋው አደጋም ይህ ነው። ሰላም የሚመስል ሁሉ ሰላም አይደለምና፤ አንዳንዱ የነርቭ ሞት ነው። ለዚህም አባቶቻችን የማታ ጸሎትንና ንስሐን ልማድ አድርገው ሠሩልን፤ ኃጢአታችን ባይሰማንም በየማታው እንድንመለከተው። እኔ የሕዝቡን ምስጋና በዝምታ ስቀበል የማታ ጸሎቴን አላቋረጥሁም ነበር፤ መጽሐፉን እደግም ነበር እንጂ መስተዋቱን ወደ ራሴ አላዞርሁትም።

ተሽሎኝ ወደ አገልግሎቴ በተመለስሁበት በመጀመሪያው ሰንበት በዐውደ ምሕረት ቆሜ እሳቱ ያልተሰማኝ ከደዌ የተነሣ እንደ ነበረ፤ አውቄም ዝም እንዳልሁ ለሕዝቡ ተናገርሁ። አንዳንዶቹ አዘኑብኝ፤ ተአምር ማጣት አይወደድምና። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከአገልጋዮቻችን መካከል ሁለቱ የደም ስኳራቸውን ሊለኩ ሄዱ። አረጋዊው አባቴም በምዕራብ በር በኩል ሲወጡ አብረውኝ ተራመዱ፤ ሰውም አብረን ስንሄድ አየን።

ስለዚህ፤ ወንድሞቼ ካህናትና ምእመናን፤ ታላቅ ነገር አላዝዛችሁም። ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት እግራችሁን ታጠቡ፤ አድርቁ፤ ተመልከቱም። ቀጥሎም ቀኑን ሙሉ ያደረጋችሁትንና ሳታደርጉ የቀራችሁትን እንዲሁ ተመልከቱ። ያገኛችሁትን የእግር ቍስል ለሐኪም፤ የነፍሱን ለንስሐ አባት አሳዩ። ነገም እንዲሁ አድርጉ። የንዕማን ሰባት ጊዜ መታጠብ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ ቢቀር ኖሮ ስድስቱ በጎደሉ ነበር፤ እርሱ ግን የቀለለውን ነገር ሳይሰለች እስከ ሰባተኛው አደረሰው።

የነፍስና የሥጋ ሐኪም አምላካችን የምናስተውልበትን ዐይን ይስጠን። አሜን።